የምትፈሪው ወረቀት፣ የናቅሽው ወረቀት፦ ስለ እንግዴ ልጅ የሚናገሩ የላብራቶሪ ቁጥሮችን እንዴት ታነቢያለሽ?

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ ላብራቶሪ ነው። ሰፈሩ ግን «ሲስተር» ይለኛል። ነርስ አይደለሁም ብዬ ብዬ ደክሞኝ ትቼዋለሁ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት፣ አለቀ። ስለዚህ ማታ ማታ በሬ ይንኳኳል፤ አራት ፎቅ በእግሩ የወጣ ሰው ቁና ቁና እየተነፈሰ ወረቀት ይዘረጋልኛል።

በየካቲት መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ታች ቤት ያለችው ጎረቤቴ ቡና አፍልታ ጠራችን። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ አንዷ ጎረቤቴ ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ሁለት ልጆቿን በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው፤ አሁን ሦስተኛዋን አርግዛለች። ውጭ ያለች እህቷ ገንዘብ ልካላት ያሰራችው የደም ምርመራ ነው። አልፋ ፌቶ ፕሮቲን፣ 2.6 ሞም፣ አጠገቡ በደማቁ «ከፍተኛ»። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ «እንግዴ ልጁ ከማህጸን ግድግዳ ጋር ሊጣበቅ ይችላል» የሚል አግኝታ ሦስት ሌሊት አልተኛችም። ሌላዋ ጎረቤቴ ልታጽናናት ብላ መሰለኝ ቀበል አድርጋ፣ «ተይው ባክሽ፣ እኔንስ የእርግዝና ሆርሞንሽ ዘጠና ስድስት ሺህ ነው ብለውኝ አልነበር? ወርዶ ወርዶ 41 ሲደርስ ተገላገልኩ ብዬ ተውኩት» አለች። እሷ ኅዳር ላይ ሞላር እርግዝና ተብላ ማህጸኗ የተጠረገላት ልጅ ናት።

ስኒዬን አስቀመጥኩ። ነገሩ ተገለባብጧል። እንቅልፍ ያሳጣው ወረቀት ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ 41 ተብሎ የተተወው ግን ዝም የሚባል አይደለም። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ሁለቱም ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፣ ስማቸውን ግን አልጠራም።

በመጀመሪያ፣ የትኛው ችግር ነው የሚፈለገው?

የእንግዴ ልጅ አስተዳደግ በብዙ መንገድ ሊበላሽ ይችላል። የላብራቶሪ ወረቀት ይዘው የሚመጡብኝ ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ነው የሚያደባልቁት።

አንደኛው ሞላር እርግዝና ነው። እንግዴ ልጅ የሚሆነው ሥጋ ከቁጥጥር ውጭ ያድግና ውኃ በቋጠሩ ትናንሽ ከረጢቶች ይሞላል፤ ሲታይ የወይን ዘለላ ይመስላል። ሙሉ ሞል ከሆነ ጽንስ የለም። ከፊል ሞል ከሆነ የጽንስ ምልክት ሊኖር ይችላል፣ ግን አይዘልቅም። መነሻው ፅንሰቱ ላይ ነው፦ ሙሉው ሞል አብዛኛውን ጊዜ 46 ክሮሞሶሙን በሙሉ ያገኘው ከአባት ብቻ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ 69 ይዞ ይገኛል። እናትየው የበላችው፣ የተሸከመችው ወይም ያየችው ነገር ያመጣው አይደለም። ይህን አማቶችም ይስሙልኝ።

ሁለተኛው የእንግዴ ልጅ መጣበቅ ነው፣ ሐኪሞቹ አክሪታ ይሉታል። እዚህ ልጁ ጤነኛ ነው። ችግሩ እንግዴ ልጁ ድንበሩን ማለፉ ነው። ሾላ ዛፍ ሥሩን በተሰነጠቀ ግድግዳ ውስጥ ሲሰድ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞ ኦፕራሲዮን ጠባሳ ነው። ላይ ላዩን ከተጣበቀ አክሪታ፣ ጡንቻው ውስጥ ከገባ ኢንክሪታ፣ ማህጸኑን አልፎ ከወጣ፣ ለምሳሌ ወደ ሽንት ፊኛ ከደረሰ፣ ፐርክሪታ ይባላል። ልጁ ከወጣ በኋላ እንግዴ ልጁ አልላቀቅ ይላል፣ በግድ ሲጎተት ደም እንደ ቧንቧ ይፈሳል።

ለመጀመሪያው የደም ቁጥር ዋናው ዳኛ ነው። ለሁለተኛው የደም ቁጥር ከሩቅ የሰማ ምስክር ነው፤ ዳኛው አልትራሳውንድ ነው።

2.6 ሞም ያለችው ሴት

ሞም ማለት ምን ማለት ነው? በተመሳሳይ ሳምንት ላይ ያሉ እርጉዞች ሁሉ ቢሰለፉ መሃል ላይ የቆመችው ሴት ቁጥር 1 ይባላል። 2.6 ሞም ማለት ከመሃለኛዋ 2.6 እጥፍ ነው። ብዙ ቦታ 2.5 ካለፈ «ከፍተኛ» ተብሎ ይጻፋል። ልብ በይ፣ ስሌቱ ሙሉ በሙሉ የቆመው በሳምንቱ ላይ ነው። ሳምንቱ ከተሳሳተ ሞሙም ይሳሳታል።

አልፋ ፌቶ ፕሮቲንን የሚሠራው የልጁ ጉበት ነው። ወደ እናት ደም የሚያልፈው ጥቂቱ ነው። እንግዴ ልጁ ድንበሩን ሲያልፍ በእናትና በልጅ መሃል ያለው አጥር ይሳሳና ብዙ ሊያሾልክ ይችላል፤ ከአክሪታ ጋር ስሙ የሚነሳው በዚህ ነው። ግን ልጁ የጀርባ አጥንት ወይም የሆድ ግድግዳ ክፍተት ሲኖርበትም ይጨምራል። መንታ ሲሆንም ይጨምራል። ጽንሱ ከታሰበው በላይ ሳምንት ካለውም ይጨምራል። ምንም ሳይኖርም የሚጨምርባቸው አሉ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚለካ ፓፕ-ኤ የሚባል ፕሮቲን አለ፣ ኋላ አክሪታ በተገኘባቸው ሴቶች ከፍ ብሎ የታየባቸው ጥናቶች አሉ። ከእርግዝና ሆርሞን የሚለካው ነፃ ቤታ ኤችሲጂ፣ ክሬያቲን ካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም፣ በእናት ደም ውስጥ የሚዞር የጽንስ ዲኤንኤም ተሞክረዋል። የጥናት ወረቀት ላይ ያምራሉ። በቡድን ስታወዳድሪያቸው ልዩነት አለ፤ አንቺን ለብቻሽ አቁሞ «ያንቺ ተጣብቋል» ወይም «አልተጣበቀም» ለማለት ግን አይችሉም። የአሜሪካ የማህጸንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር እንደ ፈረንጆቹ በ2018 ባወጣው መመሪያ እነዚህ የደም ምልክቶች ለሕክምና ውሳኔ እንደማይበቁ ነው የገለጸው። እኔ እንጀራዬን ከደም ምርመራ የምበላ ሰው ሆኜ ይህን ስጽፍ ትንሽ ይቆረቁረኛል፣ ግን ሀቁ ይኸው ነው።

ታዲያ ጎረቤቴን ምን ጠየቅኋት? «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነው?» አልኳት። ስልኳን አወጣች። የእርግዝና መከታተያው ላይ በፈረንጅ ኦክቶበር 5 ይላል። የምርመራው ወረቀት ላይ ግን ኦክቶበር 15 ተጽፏል። መስኮቱ ላይ ሲጠይቋት «ጥቅምት 5» ብላ ነው የመለሰችው። ተቀባዩ ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ ሰው፣ ጥቅምት 5ን በትክክል ወደ ፈረንጅ ቀይሮ ኦክቶበር 15 አለ። የማንም ጥፋት አይደለም፤ በሁለት ካላንደር የምንኖር ሰዎች ነን። ግን 10 ቀን ጠፋ። በዚህ ወቅት አልፋ ፌቶ ፕሮቲን በየሳምንቱ 15 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በትክክለኛው ቀን ሲሰላ 2.6 የነበረው ወደ 2.1 ይወርዳል። «ከፍተኛ» የሚለው ቃል ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ ማንኛውንም የሞም ውጤት ከማመንሽ በፊት ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የወር አበባ ቀን ከራስሽ ጋር አመሳክሪ፤ በየትኛው ካላንደር እንደተጻፈ፣ ስንት ሳምንት ብለው እንደቆጠሩሽ፣ መንታ መሆን አለመሆኑ፣ ክብደትሽ በትክክል መግባቱ። ቀደም ብለሽ የተነሳሽው አልትራሳውንድ ካለ ሳምንቱ በእሱ እንዲሰላ ጠይቂ። ስህተት ካለ ደም ድጋሚ መስጠት አያስፈልግም፣ ሒሳቡ ብቻ እንደገና ይሠራል።

ይህን ብዬ ግን አላሰናበትኳትም። ሁለት ጠባሳ አላት። የእሷ ጥያቄ «ቁጥሬ ስንት ነው» ሳይሆን «እንግዴ ልጄ የት ነው የተቀመጠው» መሆን አለበት። አሜሪካ ውስጥ ተጠንቶ በፈረንጆቹ 2006 የታተመ ሰፊ ጥናት ላይ የሚታየው ይኸው ነው፦ እንግዴ ልጁ የማህጸን በርን ሸፍኖ ከተቀመጠ፣ ለሁለተኛ ጊዜ በኦፕራሲዮን ከሚወልዱት 11 በመቶ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ 40 በመቶ፣ ለአራተኛ 61 በመቶ የሚሆኑት ላይ መጣበቅ ተገኝቷል። በሩን ካልሸፈነ ግን ለሦስተኛ ጊዜ በኦፕራሲዮን የምትወልደው እንኳ አደጋዋ ከ1 በመቶ በታች ነው። ልዩነቱን እዪው። የትኛውም የደም ምርመራ ይህን ያህል አይለይም።

ስለዚህ ብር ካለሽ ለአልትራሳውንድ አውጪው። ያውም ለማንኛውም ሳይሆን፣ ጠባሳ ያለበት ማህጸን ማየት ለለመደ ሐኪም። ስትገቢ መጀመሪያ የምትይው ይህን ነው፦ «ከዚህ በፊት ይህን ያህል ጊዜ በኦፕራሲዮን ወልጃለሁ፣ እንግዴ ልጁ ከጠባሳው ጋር ያለውን ይዩልኝ።» ዝም ካልሽ ልጁን ለክቶ፣ ልብ ምቱን አሰምቶ፣ ጾታውን ነግሮ ሊሸኝሽ ይችላል። ፊኛሽ ሙሉ በሙሉ ባዶ አይሁን፣ ትንሽ ሽንት ሲኖር በፊኛና በማህጸን መሃል ያለው መስመር ጥርት ብሎ ይታያል። ሐኪሙ የሚፈልገው በእንግዴ ልጁ ውስጥ ያሉ ያልተስተካከሉ የደም ጉድጓዶችን፣ ከሥሩ መኖር የነበረበት ጥቁር መስመር መጥፋቱን፣ የማህጸን ግድግዳው ከ1 ሚሊ ሜትር በታች መሳሳቱን፣ የፊኛው መስመር መቆራረጡን ነው።

ከ18 እስከ 20 ሳምንት አንዴ ታይ። ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ በ28ና በ32 ሳምንት አካባቢ ይደገማል። በ20 ሳምንት ዝቅ ብሎ የታየ እንግዴ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ማህጸኑ ሲያድግ ወደ ላይ ይርቃል፣ ስለዚህ ያን ቀን አታልቅሺ። በሌላ በኩል ደግሞ «ምልክት አላየሁም» መባል ፍጹም ዋስትና አይደለም፤ ጠባሳሽ ብዙ ከሆነና በሩ ከተሸፈነ እንዳለ ተቆጥሮ መዘጋጀት ይሻላል።

አክሪታ ለተጠረጠረባት ሴት ከላብራቶሪ በእርግጥ የሚጠቅሟት ተራ የሚባሉት ናቸው። የደም ዓይነት፣ ከነ አርኤች (ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ የሚባለው)። ሄሞግሎቢን። ለመውለጃው ቀን የተመሳከረና የተዘጋጀ ደም። ሄሞግሎቢን ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ የሚኖር ሰው ደሙ በተፈጥሮው ወፈር ይላል። ለእርጉዝ 11 የሚባለው ወሰን የተቀመጠው ለቆላ ሰው ነው። እኛ ከፍታ ላይ ስላለን ከውጤታችን አንድ ግራም ገደማ ተቀንሶ ነው መታየት ያለበት። ስለዚህ «11.2 ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብለሽ አይረን ኪኒንሽን መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጪ። ብዙ ደም ሊፈስ የሚችልበት ቀን እየመጣ ከሆነ በሞላ ጎተራ መግባት ይሻላል።

ተጣብቋል ከተባለ መውለጃው አስቀድሞ በቀጠሮ ነው፤ የአሜሪካው መመሪያ ከ34 ሳምንት እስከ 35 ሳምንት ከ6 ቀን ባለው ውስጥ ያደርገዋል፣ ምጥ ሳይመጣ። ቦታው ደም፣ ማደንዘዣ፣ የሕፃናት ማቆያና ከባድ ቀዶ ጥገና የሚችል ቡድን ያለበት ትልቅ ሆስፒታል መሆን አለበት። ለእኛ ለዳር ሰፈር ሰዎች ይህ ማለት ሪፈሩ በ30ኛው ሳምንት አካባቢ በእጅ ይግባ ማለት ነው። እንደ ጥቁር አንበሳ ወይም ጳውሎስ ያለ ቦታ ካርድ ይውጣ፣ ደም የሚሰጡ ዘመዶች ይታወቁ፣ ሌሊት ስልኩን የሚያነሳ ባለመኪና ጎረቤት ይነገረው። ደም መታየት ከጀመረ ከሰፈር ባጃጅ ጋር ዋጋ የሚከራከሩበት ሰዓት አይደለም።

የጎረቤቴ ነገር በሰላም አለቀ። በሳምንቱ ታየች፤ እንግዴ ልጁ ከላይ፣ ከጀርባ በኩል ነው፣ ከጠባሳው ጋር አይተዋወቁም። የልጁም ጀርባና ሆድ ደህና ነው። ያን ቀን በሬን ስታንኳኳ አራቱን ፎቅ እየዘለለች የወጣች ነበር የሚመስለው።

(እግረ መንገዴን፦ እንግዴ ልጅ ከመጠን በታች የሚሠራበትም አለ። ፓፕ-ኤ በጣም ዝቅ ካለ ልጁ እንዳይቀጭጭ ክትትሉ ይጠብቃል። የደም ግፊት ለሚያሰጋት ደግሞ ኤስፍልት-1 እና ፒኤልጂኤፍ የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ተካፍለው፣ ውጤቱ 38 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና የሚመጣው አደገኛ የደም ግፊት፣ የመምጣት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው ይባላል። ጤና ጣቢያ ላይ አትጠብቂው። ግፊትሽንና የሽንት ፕሮቲንሽን በየቀጠሮው ማስለካት ከሁሉም ይቀድማል።)

41 ላይ ያቆመችው

አሁን ወደ ሁለተኛዋ። እዚህ የደም ቁጥር ንጉሥ ነው፣ በደንብ እንየው።

ቁጥሩ ኤችሲጂ ነው፣ የእርግዝና ሆርሞን። የሚያመርተው የእንግዴ ልጁ ሥጋ ስለሆነ፣ ሥጋው ሲበዛ እሱም ይበዛል። ወረቀት ላይ «ቤታ ኤችሲጂ፣ ኳንቲቴቲቭ» ተብሎ ይጻፋል። ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ብቻ የሚለው ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ መጠኑን ነው የምንፈልገው።

ከፍ ያለ ቁጥር ብቻውን ሞላር ነው ማለት አይደለም። ጤነኛ እርግዝናም ከ8ኛው እስከ 11ኛው ሳምንት ባለው ጫፍ ላይ ሲደርስ 100,000 ሊጠጋ፣ ሊያልፍም ይችላል። መንታ ከሆነ ይብሳል። ደግሞ «ከፍተኛ» የሚለውን ምልክት ማሽኑ ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ካላረገዘች ሴት ጋር አወዳድሮ ነው፤ እርጉዝ ሁሉ «ከፍተኛ» ናት። ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ከሳምንቱ፣ ከምልክቱና ከአልትራሳውንዱ ጋር ነው። ደም መታየት፣ ምንም የማያስቆመው ትውከት፣ ከሳምንቱ በላይ ያደገ ማህጸን፣ ገና 20 ሳምንት ሳይሞላ ከፍ ያለ የደም ግፊት፣ የልብ መምታትና የእጅ መንቀጥቀጥ ካለ ፈጥነሽ ሂጂ። የመጨረሻው የሚመጣው ኤችሲጂ ሲበዛ ታይሮይድን ስለሚያነቃቃ ነው። ከማህጸን መጥረጉ በፊት የታይሮይድ ምርመራ ቢታዘዝልሽ «ይሄ ደግሞ ምን አገናኘው» አትበይ።

አንድ ሙያዊ ምስጢር ላውጣ። ቁጥሩ ከመጠን በላይ ሲበዛ ምርመራው ሊዋሽ ይችላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሆርሞኑን ቅርጫት አድርገሽ አስቢው፤ ሁለት ሰው አንዱን ቅርጫት በሁለት ጆሮው ይዞ ያነሳዋል፣ ማሽኑም የሚቆጥረው በሁለት ሰው የተያዘውን ብቻ ነው። ቅርጫቱ እጅግ ከበዛ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን ይዞ ይቆማል፣ በሁለት የተያዘ ይጠፋል። ማሽኑም «ትንሽ ነው» ይላል። የሽንት ምርመራም በዚሁ ምክንያት ኔጋቲቭ ሊል ይችላል። ድሮ በሠራሁበት አንድ ቦታ ሆዷ ገፍቶ፣ ደም እየፈሰሳት የመጣች ሴት በሽንት «እርጉዝ አይደለሽም» ተብላ ተመልሳለች፤ በማግስቱ ሽንቷን በውኃ አቅጥነን ስናየው ሁለቱም መስመር ደምቆ ወጣ። ያን ቀን የላክናት እኛው ነን፣ እስካሁን ይከነክነኛል። ስለዚህ ምልክትሽና ውጤትሽ ካልተስማሙ መስኮቱ ላይ «ናሙናው ተቀጥኖ ይደገምልኝ» በይ። ላብራቶሪ የሚሠራ ሰው ይገባዋል።

ማህጸኑ ከተጠረገ በኋላ የወጣው ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ መሄድ አለበት። ብዙ ጊዜ ጠርሙሱን ለቤተሰብ ነው የሚሰጡት። ባልየው በጥቁር ፌስታል ይዞ፣ ሚኒባስ ውስጥ በጉልበቱ መሃል አጣብቆ፣ ወያላው «ጠጋ ጠጋ» ሲለው ላብ እያጠመቀው ሲሄድ አይቻለሁ። ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ ይሁን፤ ውኃ ወይም አልኮል ውስጥ አይደለም። ስም፣ ቀን፣ የተወሰደበት ቦታ ጠርሙሱ ላይ ይጻፍ፣ ክዳኑ ላይ አይደለም፣ ክዳን ይቀያየራል። «ተጠርጎ አልቋል፣ ምን ያደርጋል» ብሎ መጣል ትልቅ ስህተት ነው። ሙሉ ነው ከፊል የሚለው የሚለየው እዚያ ነው፤ በሚጠራጠሩበት ጊዜ ፒ57 የሚባል ቀለም ይጨመራል፣ ሙሉው ሞል ይህን ቀለም አይቀበልም። የደም ዓይነትሽ ኔጋቲቭ ከሆነ ሰውነትሽ ፖዘቲቭ ደም ላይ እንዳይነሳ የሚሰጠውን የአንቲ-ዲ መርፌም አትርሺ።

ከዚያ ቁጥር መቁጠሩ ይጀመራል። በየሳምንቱ። ደብተር ግዢ፣ ሃያ አራት ሉኩ ይበቃል፤ ቀን፣ ቁጥር፣ የላብራቶሪው ስም። ሁሌም አንድ ቦታ አሠሪ፣ ምክንያቱም የተለያየ ማሽን ተመሳሳይ ደም ላይ የተለያየ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል፣ ወረደ ወጣ ብለሽ በከንቱ ትጨነቂያለሽ። መጾም አያስፈልግም። ለጸጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን የባዮቲን ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ ተናገሪ፣ አንዳንድ ማሽን ያሳስታል።

የዚህችኛዋ ጎረቤቴ ደብተር እንዲህ ነበር፦ ከመጥረጉ በፊት 96,000። ከዚያ በየሳምንቱ 7,800፣ 1,150፣ 310፣ 120፣ 62፣ 41። ውብ አወራረድ ነው፣ እስከዚያ ድረስ። ከዚያ ገናን ቤተሰቦቿ ጋ ልዋል ብላ ሄደች። ስትመለስ ደህና ናት፣ ደም የለም፣ ማቅለሽለሽ የለም፣ ታክሲው ሁለት ሦስት ቦታ ነው፣ ምርመራው ብር ነው። ተወችው። እኔ ብሆንም ልተወው እችል ነበር፣ እውነቴን ነው።

ግን 41 ዜሮ አይደለም። የሆነ ቦታ የሚያመርት ሥጋ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ሙሉ ሞል ከተጠረገላቸው ሴቶች ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ተጨማሪ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል፤ ከፊል ከሆነ ከ5 በመቶ አይበልጥም። እነማን እንደሆኑ የሚለየው ሕመም ሳይሆን ይኸው ደብተር ነው። ዓለም አቀፉ የማህጸንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን፣ ፊጎ የሚባለው፣ ያስቀመጠው መለኪያ ይህ ነው፦ በ1ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ21ኛው ቀን የተለኩ አራት ቁጥሮች ከ10 በመቶ ባልበለጠ ልዩነት እዚያው ከቆሙ፣ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ የተለኩ ሦስት ቁጥሮች ከ10 በመቶ በላይ እየጨመሩ ከሄዱ፣ ሥጋው አልሞተም። አንድ ሳምንት ትንሽ ብትወጣ አትደንግጪ፤ አንድ ነጥብ መስመር አይሆንም።

እስከ መቼ? መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቁጥሩ ጤነኛ መጠን ውስጥ ገብቶ እስኪጸና። ከዚያ ፊጎ በፈረንጆቹ 2018 ባወጣው ምክር ከፊል ሞል ከሆነ ከወር በኋላ አንድ ማረጋገጫ፣ ሙሉ ከሆነ በየወሩ ለሦስት ወር። ስድስት ወር የሚሉ ሐኪሞችም አሉ፤ የራስሽን ሐኪም ስሚ። እስከዚያ ማርገዝ የለብሽም፣ ምክንያቱም አዲስ እርግዝና ሲመጣ ያው ሆርሞን ይጨምርና የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ኪኒኑም፣ መርፌውም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም ይሆናል። ሉፕ ግን ቁጥሩ እስኪስተካከል ይቆይ።

ጎረቤቴ በማክሰኞው ሄደች። እኔ አብሬ ሄድኩ፣ ካልሄድኩ እንደማትሄድ አውቃለሁ። 40። በሳምንቱ 42። ከዚያ 41። ከዚያ 43። አራት ማክሰኞ፣ ደብተሩ ላይ ተደርድረው ስታያቸው ቀጥ ያለ መስመር ናቸው። ሐኪሙ መጀመሪያ ሽንቷንም አስመረመረ። አንዳንድ ሰው ደም ውስጥ ምርመራውን የሚያታልል ፀረ እንግዳ አካል ይኖርና ቁጥሩ ደም ላይ ብቻ ይታያል፣ ሽንት ላይ አይታይም፤ በሌለ በሽታ መድኃኒት እንዳይሰጥ ነው። የእሷ ሽንት ላይም ወጣ። አልትራሳውንድ፣ የደረት ራጅ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ፣ ከዚያ የበሽታውን አደጋ የሚመዝን ነጥብ አሰጣጥ። በፊጎ ነጥብ 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ዝቅተኛ አደጋ ይባላል፣ ብዙ ጊዜ ሜቶትሬክሴት የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ብቻ ይበቃል፣ የሚድኑትም ሁሉም ማለት ይቻላል። ከ7 ጀምሮ የመድኃኒት ቅይጥ ይሰጣል። የእሷ 2 ነበር።

«ኬሞ» የሚለውን ስትሰማ ያለቀሰችው ለቅሶ አይነገርም። «ሲስተር፣ ጸጉሬ ሊረግፍ ነው? ልጅስ መውለድ እችላለሁ?» አለችኝ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን። በዚህ መድኃኒት ጸጉር ብዙ ጊዜ አይረግፍም፣ አፍ ሊቆስል ይችላል። ልጅ ይወለዳል፤ ሞል የሚደገምባቸው ከመቶ አንድ ገደማ ናቸው። በሚቀጥለው እርግዝና በጊዜ አልትራሳውንድ መታየት ነው፣ ከወለዱ በኋላ ደግሞ በስድስተኛው ሳምንት ኤችሲጂን አንዴ ማየት። ይህን ሁሉ ሰልፉ እስኪደርሰን ድረስ ሦስቴ ነገርኳት።

ትናንት ማታ በሬ ተንኳኳ። ደብተሯን ዘርግታ ያለ ቃል ሰጠችኝ። የመጨረሻው ቁጥር «ከ2 በታች» ይላል፣ በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ፣ ቀኑ ተጽፎ ቁጥሩ ባዶ የተተወ። የሚመጣው ማክሰኞ ነው፣ ሐኪሙ ቁጥሩ ከወረደም በኋላ መድኃኒቱ ጥቂት ዙር ይቀጥላል ብሏታል። «ትመጪያለሽ አይደል?» አለችኝ። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ታች እንገናኝ ተባብለናል፣ ከዚያ ካለፈ ታክሲ አይገኝም።